ድግሱና ምስሉ

የድግሳችን ታሪክ ከምስል በፊት በብዕር ተመዝግቧል። ለዚህም ኋላ እቴጌ የተባሉት ጣይቱ ብጡል እ.ኤ.አ. በ1887 በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ምረቃ ያደረጉት ታላቅ ግብር ዋነኛው ምስክር ነው። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በዳግማዊ ምኒልክ ዜና መዋዕል ጽፈውታል፤ የታሪክ ምሁሩ ጄምስ ማካንም እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት የአፍሪካ ምግብ ታሪክ አንድ ምዕራፍ ሰጥተውታል። ያን ግብር የምናውቀው ግን ከንባብ ነው።

ይህ የሆነው ፎቶግራፍ ማዕድን ንቆ አይደለም። እንዲያውም ገና ከልጅነቱ ማዕድ ወዳጅ ነበር። የፈረንሳዊው ኒሴፎር ኒዬፕስ ሥራ እንደሆነ የሚነገርለት፣ እ.ኤ.አ. በ1832 ገደማ የተነሣና ዋናው ጠፍቶ በቅጂ ብቻ የቀረ አንድ ምስል የተሰናዳ ገበታ ያሳያል። ተመጋቢ ግን የለበትም። በዚያ ዘመን አንድ ምስል ለማንሣት ብዙ ጊዜ ይወስድ ነበርና የማይንቀሳቀስ ነገር ይመረጥ ነበር። እንግሊዛዊው ሮጀር ፌንተንም እ.ኤ.አ. በ1860 ፍራፍሬ ደርድሮ አንሥቷል። ፍሬ ይታገሣል፤ የትኩስ ወጥ እንፋሎት ግን ማንንም አይጠብቅም።

ሌላም እንቅፋት ነበር። የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የፎቶግራፍ መስታወት ቀይ ብርሃንን አይለይም ነበር፤ ቀይ ነገር ሁሉ ጠቁሮ ይወጣል። ሽንኩርቱ ሲቁላላ የዋለ፣ በርበሬው በሚገባ የበሰለ፣ ቅቤው ከላይ የተንሳፈፈ ዶሮ ወጥ በዚያ መስታወት ላይ ቢያርፍ ጥቁር ኩሬ በመሰለ ነበር። የሉሚዬር ወንድማማቾች ባለቀለም መስታወት ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1907 ነው።

ወደ አዲስ አበባም ስንመለስ፣ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የገባው አርመናዊው የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቹ የሚታወቁት በነገሥታትና በመኳንንት ምስል ነው። ዘውዱና ካባው ለትውልድ ተላለፈ። ግብሩን ያቆሙት እንጀራ ጋጋሪዎች፣ ወጥ ሠሪዎችና ጠጅ ጣዮች ግን አብዛኞቹ ስማቸውም መልካቸውም ሳይመዘገብ አለፉ። ብዕሩ ደጋሹን፣ መስታወቱ ተጋባዡን አከበረ፤ ሠራተኛዋ በጭስ ውስጥ ቀረች።

እነሆ ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። ልጇን ክርስትና ያስነሣች እናት አሥራ ሁለት ብልት የወጣለትን ዶሮ ከነእንቁላሉ በሞሰቡ ላይ አሳምራ ካቀረበች በኋላ፣ እንግዳው እጁን ሳይዘረጋ በስልኳ ታነሣዋለች። ይህን ልማድ እንደ ከንቱ ውዳሴ የሚቆጥሩት አሉ። ለእኔ ግን ትርጉሙ ሌላ ነው። ለዘመናት ሠሪው ሌላ፣ መዝጋቢው ሌላ ነበር፤ አሁን ሽንኩርት የከተፈችው እጅ ራሷ የታሪክ ጸሐፊ ሆናለች።

ይሁንና ምስሉም ብቻውን ይጎድለዋል። የወጡን ቅላት ያሳያል እንጂ ስንት ሰዓት እንደተቁላላ፣ የማን ዓይን እንዳለቀሰበት አይናገርም። ስም የሌለበት ፎቶግራፍ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ዲዳ ነው። ስለዚህ፣ ውድ አንባቢ፣ የቤትዎን ድግስ ሲያነሡ ከሥሩ ሦስት ነገር ይጻፉ፤ ዓመተ ምሕረቱን፣ የድግሱን ምክንያት፣ የሠሪዋን ስም።