በገንዳ ውሃ ውስጥ የሚበራው መብራት

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ፣ በተለይም በካሊፎርኒያና በፍሎሪዳ፣ የመዋኛ ገንዳ ከባለጸጎች ግቢ ወጥቶ መካከለኛ ገቢ ወዳላቸው ቤቶች ሲዛመት የውሃ ውስጥ መብራትም አብሮት ገባ። ቤተሰቡ የሚዋኘው ብዙውን ጊዜ ከሥራ መልስ በምሽት ስለ ነበረ የገንዳው ወለል መታየት ነበረበት። ለዚሁ የተመረጠው በ120 ቮልት የሚሠራ የ300 ወይም የ500 ዋት አምፑል ነው። መሣሪያው በዘመኑ ሰዎች ዘንድ ቀላልና ጠንካራ ተብሎ የተወደደ ቢሆንም፣ ሥራው በግልጽ ሲነገር የቤቱን ሙሉ ቮልት ሰው ወደሚነከርበት ውሃ ማስገባት ነበር።

አሠራሩን ማስታወስ ይጠቅማል። በገንዳው ግድግዳ ውስጥ ጎድጓዳ ቤት ይቀረጻል፤ ይህም ጎድጓዳ ሆን ተብሎ በውሃ የሚሞላ ነው። አምፑሉ ከነሐስ ወይም ከማይዝግ ብረት በተሠራ ዕቃ ውስጥ ተቀምጦ ከፊቱ በወፍራም መስተዋት ይከደናል፤ በመስተዋቱና በብረቱ መካከል የጎማ ጓርኒሲዮን ይገባል። ከበስተኋላው ረዘም ያለ ገመድ ይጠቀለላል፤ ምክንያቱም አምፑል በሚለወጥበት ጊዜ ገንዳው ሳይደርቅ ዕቃውን በሞላው ወደ ገንዳው ዳር ለማውጣት ነው። አምፑሉ የሚያወጣውን ሙቀት የሚወስድለት ውሃው ስለሆነ በደረቅ ቦታ አብርቶ ማቆየት መስተዋቱን መሰንጠቅ፣ ጓርኒሲዮኑንም ማቃጠል ነው።

እንግዲህ በውሃና በ120 ቮልት መካከል የቆመው ዋነኛው ጠባቂ ያ ጎማ ነበር። ጎማ ደግሞ በክሎሪንና በሙቀት ያረጃል። ውሃ ወደ ውስጥ ሲገባ ከሽቦው የሚያመልጠው ኮረንቲ ጥቂት ነውና የ15 አምፔር ፊውዝ አያየውም። ለፊውዙ ምንም የሆነ ነገር የለም፤ ለዋናተኛው ግን ጉዳዩ ሌላ ነው።

ጉዳዩ ምን ያህል ሌላ እንደሆነ በቁጥር ያሳዩት በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ፕሮፌሰር የነበሩት ቻርልስ ዳልዚል ናቸው። ፕሮፌሰሩ በፈቃዳቸው የቀረቡ 134 ወንዶችና 28 ሴቶች የኤሌክትሪክ ሽቦ ጨብጠው እስከ ስንት ኮረንቲ ድረስ በራሳቸው ኃይል እጃቸውን መልቀቅ እንደሚችሉ መረመሩ። ከወንዶቹ 99.5 በመቶ የሚሆኑት ሊለቁ የሚችሉት መጠን 9 ሚሊ አምፔር፣ ለሴቶቹ ደግሞ 6 ሚሊ አምፔር ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በላይ ጡንቻ ለባለቤቱ አይታዘዝም። በየብስ ላይ ያለ ሰው ወድቆ ሊላቀቅ ይችል ይሆናል፤ በውሃ ውስጥ ያለ ግን ልቡ ሳይቆም እንኳ ክንዱ ከታሰረ ይሰጥማል። 15 አምፔር ማለት 15,000 ሚሊ አምፔር መሆኑን ያስታወሰ ሰው ፊውዙ ጠባቂነቱ ለሽቦው እንጂ ለሰው እንዳልነበረ ይረዳል።

ዳልዚል በዚህ አልቆሙም። እ.ኤ.አ. በ1961 በትራንዚስተር የሚሠራ፣ 5 ሚሊ አምፔር ያህል ኮረንቲ ሲያመልጥ በ25 ሚሊ ሴኮንድ ገደማ መስመሩን የሚቆርጥ መሣሪያ ፈለሰፉ፤ የፈጠራ መብቱም በ1965 ተሰጣቸው። ሐሳቡ ከሒሳብ አያያዝ ጋር ይመሳሰላል። የሚሄደውና የሚመለሰው ሽቦ በአንድ የብረት ቀለበት ውስጥ ያልፋሉ፤ የሄደው ሁሉ ከተመለሰ ቀለበቱ ምንም አይሰማውም፤ ከጎደለ ግን የጎደለው በሌላ መንገድ፣ ምናልባትም በሰው ገላ በኩል፣ ወደ መሬት ሄዷል ማለት ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ደንብ ይህን ቆራጭ በግዴታ ካዘዘባቸው ቦታዎች የመጀመሪያው በ1968 የመዋኛ ገንዳ የውሃ ውስጥ መብራት ሆነ።

ከዚህ በኋላ የተፈጸመው በታሪኩ ውስጥ እምብዛም አይወሳም። አዲሱ ቆራጭ ከአሮጌ ገንዳዎች ጋር ሲገናኝ ገና ማብሪያው ሲጫን ይቆርጥ ጀመር። ጥፋቱ የቆራጩ አልነበረም፤ ከ1965ቱ ደንብ በፊት የተተከሉት መብራቶች በደኅናው ቀን እንኳ ከ5 ሚሊ አምፔር በላይ ሊያፈስሱ ይችሉ ነበር። የተሰጠው መፍትሔ መብራቶቹን ማስወገድ ሳይሆን በ20 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ ሁለተኛ ደረጃ፣ ማለትም «ክላስ ቢ»፣ ለእነዚያ አሮጌ መብራቶች ብቻ መፍቀድ ሆነ። 20 ሚሊ አምፔር ዳልዚል ከለኩት የመላቀቂያ ወሰን እጥፍ በላይ ነው። ከምንም ይሻላል ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ደንቡ መብራቱን በማረም ፈንታ ለመብራቱ ጎንበስ ማለቱ አይካድም።

በአውሮፓ ሌላ መንገድ ተመረጠ። በዚያ የቤቱ ቮልት ከ220 የማያንስ በመሆኑ ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን በገንዳው ውስጥ ከ12 ቮልት ተለዋዋጭ ኮረንቲ በላይ እንዳይገባ፣ ትራንስፎርመሩም ከገንዳው ርቆ እንዲቀመጥ ደነገገ። የተለመደውም አምፑል «ፓር 56» የሚባለው 12 ቮልት፣ 300 ዋት ሆነ። ይህ ለዋናተኛው ትልቅ እፎይታ ነው። ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው ግን 300 ዋት በ12 ቮልት 25 አምፔር ነውና ወፍራም ገመድ ይጠይቃል።

ኤል ኢ ዲ የመጣው በዚህ ሁሉ ላይ ነው። ኒክ ሆሎንያክ በጄኔራል ኤሌክትሪክ ቤተ ሙከራ ቀዩን ብርሃን ያሳዩት በ1962፣ ዳልዚል ቆራጩን ከፈለሰፉ ከአንድ ዓመት በኋላ ነበር፤ ይሁን እንጂ ነጭ ብርሃን ለማግኘት ሰማያዊው እስኪገኝ ድረስ ሠላሳ ዓመት ያህል መጠበቅ ግድ ሆነ። አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ ለዚሁ ሥራ በ2014 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ዛሬ ከ30 እስከ 40 ዋት የሚወስድ የኤል ኢ ዲ አምፑል የቀድሞውን 300 ዋት ይተካል፤ የአሮጌው ዕድሜ በሺህ ሰዓት ገደማ ሲቆጠር የአዲሱ በአሥር ሺሆች ይቆጠራል።

ቁጠባው እውነት ነው። ሆኖም ልውውጡ አምፑል ፈትቶ አምፑል ማሰር ብቻ ተደርጎ መወሰዱ ስሕተት ነው። ምሳሌ እንውሰድ፤ የገመዱ ተቃውሞ በጠቅላላው 0.08 ኦም ቢሆን በ25 አምፔር 2 ቮልት በመንገድ ይቀራል፤ ስለዚህ የቀድሞው ሠራተኛ ትራንስፎርመሩን በ14 ቮልት ጫፍ አስሮት ይሆናል። 2.5 አምፔር ብቻ የሚወስድ ኤል ኢ ዲ ሲታሰርበት የሚቀረው 0.2 ቮልት ነውና አዲሱ አምፑል ለ12 የተሠራ ሆኖ 14 ቮልት ገደማ ይቀበላል፤ በሙቀትም ቶሎ ይሞታል። ትራንስፎርመሩ ኤሌክትሮኒክ ከሆነ ደግሞ ጭነቱ አንሶበት ጨርሶ ላይነሣ፣ ወይም ብርሃኑ እየተርገበገበ ሊያስቸግር ይችላል። ገዢው አምፑሉን ይወቅሳል፤ ሻጩ ገዢውን።

ይህ የገንዘብ ኪሳራ ነው። ከባዱ ሌላው ነው። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን ከ2003 እስከ 2014 ባለው ጊዜ በመዋኛ ገንዳዎች 14 ሰዎች በኤሌክትሪክ መሞታቸውን መዝግቧል። አዲስ አምፑል በአሮጌ ዕቃ ውስጥ ሲገባ ያረጀው ጓርኒሲዮን፣ የተሰነጠቀው ገመድና የተበላው የመዳብ መሬት ሽቦ በነበሩበት ይቆያሉ። እንዲያውም አምፑል በየጊዜው ሲቃጠል ዕቃው ወጥቶ ይታይ ነበር፤ ለአሥር ዓመት የሚበራ ኤል ኢ ዲ ግን ያን ዕድል ያስቀራል።

ስለዚህ በ120 ቮልት አገር ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ የሚሠራው እንዲህ ነው። ኮረንቲውን ከዋናው ያጠፋል፤ ዕቃውን በሞላው ከነገመዱ ያወጣል፤ አዲሱንም ገመድ በውሃ ውስጥ ሳይቀጥል ከገንዳው ውጪ እስካለው የማገናኛ ሳጥን በአንድነት ይስባል፤ የመሬት ሽቦውንም ይለካል። ከዚያም ወደ ሰሌዳው ሄዶ፣ በዚያ የ20 ሚሊ አምፔሩ አሮጌ ቆራጭ ካለ ፈትቶ በቦታው የ5 ሚሊ አምፔሩን ያስገባል።