ለክረምት የምታርፍ ጀልባ

በስዊድንና በፊንላንድ ጠረፍ ክረምት ማለት እንደ አገራችን የዝናምና የጎርፍ ወራት ሳይሆን፥ የባልቲክ ባሕር ሰሜናዊ ክፍል ረግቶ ሰው በእግሩ የሚሄድበት የበረዶ ሜዳ የሚሆንበት ወራት ነውና፥ የሸራ ጀልባ ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ባሕሩ ሳይረጋ ጀልባዪቱን ወደ የብስ አውጥቶ በድጋፍ ላይ ያቆማታል፤ በሆዷ ያለውንም ሞተር ለብርዱ ያሰናዳል።

ይህ ሥርዓት ከሞተር እጅግ የቀደመ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ700 ዓመት ገደማ የነበረው የግሪክ ባለቅኔ ሄሲዮድ፥ ወንድሙ መርከቡን ወደ ምድር ስቦ ዙሪያውን በድንጋይ እንዲደግፍ፥ የዝናም ውሃ ተጠራቅሞ እንጨቱን እንዳያበሰብሰው የታችኛውን ውታፍ እንዲነቅል፥ መሪውንም ከጢስ በላይ እንዲሰቅል ይመክረዋል። የሐዋርያት ሥራን 27ኛ ምዕራፍ ያነበበም፥ የመቶ አለቃው ከቅዱስ ጳውሎስ ማስጠንቀቂያ ይልቅ የመርከቡን ባለቤት ሰምቶ፥ በቀርጤስ ወደብ ሊከርሙ ሲጓዙ 276 ነፍስ የያዘችው መርከብ ዛሬ ማልታ በምትባለው ደሴት እንደ ተሰበረች ያስታውሳል።

በእነዚያ መዋዕል ጠላቱ የውጭ ማዕበልና ዝናም ነበረ። በስዊድን ሾቭደ ከተማ የነበረው ብረት ማቅለጫ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1907 ፔንታ የተባለውን የመጀመሪያ የጀልባ ሞተሩን ከሠራ፥ ሌሎችም እንደ እርሱ ካደረጉ ወዲህ ግን ባሕሩ ራሱ ወደ ጀልባዪቱ ሆድ ገባ፤ የዚያ ዘመን ትናንሽ የጀልባ ሞተሮች አብዛኞቹ የሚቀዘቅዙት ፓምፕ ከባሕር ስቦ በሞተሩ ብሎክ ውስጥ በሚያዞረው ውሃ ነበርና። ውሃ ሲረጋ ከመቶ 9 እጅ ያህል ስለሚሰፋ፥ ከቀለጠ ብረት የተሠራ ብሎክም መሰንጠቅን እንጂ መለጠጥን ስለማያውቅ፥ የአንድ ሌሊት ውርጭ ሞተሩን ከጥቅም ውጭ ሊያደርገው ይችላል።

ስለዚህ የሄሲዮድ ውታፍ በብረት ማፍሰሻ ተተካ። ነገር ግን ማፍሰሻውን መክፈት ብቻ አይበቃም፤ ዝገትና አሸዋ በታች ረግቶ ቀዳዳውን ስለሚደፍነው፥ ጠብ የሚል ነገር ባለመኖሩ ባዶ የመሰለው ብሎክ ሙሉ ሆኖ ይገኛል። ልማድ ያላቸው ሰዎች ቀጭን ሽቦ ሰድደው እስኪፈስ የሚነካኩት በዚህ ምክንያት ነው። ያረጀ ዘይት ከቃጠሎ የመጣ አሲድ ስለሚይዝ በጸደይ ሳይሆን አስቀድሞ፥ ሞተሩ ገና ሞቆ ሳለ ይለወጣል፤ የናፍጣው ጋን ርጥበት ያለው አየር እንዳይገባበት ይሞላል፤ የፓምፑም የጎማ ክንፎች ታጥፈው እንዳይቀሩ ይወጣሉ።

በኋላ ዘመን ብሎኩ በራሱ ንጹሕ ውሃና ውሃን ከመርጋት በሚከለክለው ፈሳሽ በአንቲፍሪዝ የሚቀዘቅዝ፥ የባሕሩም ውሃ በሙቀት ማስተላለፊያው ብቻ የሚያልፍ ሞተር በመሠራቱ ጭንቀቱ ቀለለ፤ ያም ሆኖ የባሕሩ ውሃ የሚያልፍበት መንገድ ዛሬም ከውርጭ መጠበቅ አለበት። ብዙዎች ውሃውን ሳያፈሱ አንቲፍሪዝ ከባልዲ አስመጥጠው ይተዉታል። እኔ በዚህ ልማድ አላምንም፤ በአሮጌው ዓይነት ሞተር በሙቀት የሚከፈተው ቴርሞስታት ካልሞቀ ፈሳሹ ወደ ብሎኩ ሳይገባ በሌላ በኩል አልፎ ይወጣል፤ የገባውም ከቀረው ውሃ ጋር ተቀላቅሎ ኃይሉ ይደክማል። መጀመሪያ ማፍሰስ፥ ከዚያ በኋላ መሙላት ይሻላል፤ የሚሞላውም በጸደይ ሞተሩ ሲነሣ ወደ ባሕር ስለሚወጣ፥ ጣፋጭ መርዝ የሆነው ኤቲሊን ግላይኮል ቀርቶ ጉዳቱ ያነሰው ፕሮፒሊን ግላይኮል ቢሆን ይመረጣል።