«ትራንዚሽን»፦ በደብዳቤ ገጹ የኖረ፣ በደብዳቤ ገጹ የወደቀ መጽሔት

ከጥቂት ዓመታት በፊት ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መጻሕፍት ዘርግተው ከሚሸጡት ልጆች ከአንዱ ዘንድ ጠርዙ የነተበ የእንግሊዝኛ መጽሔት ገዛሁ። ስሙ «ትራንዚሽን» ይላል፤ ሽግግር ማለት ነው። ማታ እንቅልፍ እስኪወስደኝ ላገላብጠው ብዬ ከፍቼው ሳላስቀምጠው ሌሊቱ ተጋመሰ። የያዘኝ ግጥሙና ልብ ወለዱ ብቻ አልነበረም፤ ይበልጡን የአንባብያን ደብዳቤዎች የሚታተሙባቸው ገጾች ነበሩ። አንዱ ይሳደባል፣ ሌላው ያመሰግናል፣ ሦስተኛው ለሁለቱም መልስ ይሰጣል። እንዲህ ያለው መጽሔት እንዴት ተወለደ? እንዴትስ ሞተ? እያልኩ ታሪኩን መከታተል የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መሥራቹ ራጃት ኒዮጊ ይባላል። ከቤንጋል ሕንዳውያን ቤተሰብ በ1938 ካምፓላ ውስጥ የተወለደና ለንደን የተማረ ወጣት ነበር። በ1961 መገባደጃ የመጀመሪያውን ቁጥር ሲያወጣ ገና ሃያ ሦስት ዓመት አልሞላውም። ኡጋንዳ ነጻነቷን የተቀዳጀችው በ1962 ስለሆነ መጽሔቱ በዕድሜ የአገሩን ነጻነት ይቀድማል ማለት ነው።

በዚያው በ1962 በካምፓላው የማከሬሬ ኮሌጅ፣ በእንግሊዝኛ የሚጽፉ አፍሪቃውያን ደራስያን ጉባኤ ተቀመጠ። ቺኑዋ አቼቤ፣ ዎሌ ሾይንካና ክሪስቶፈር ኦኪግቦ ነበሩበት፤ በኋላ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ተብሎ የታወቀው ደራሲም ያን ጊዜ ገና ተማሪ ሆኖ ተገኝቶበታል። በተከታዩ ዓመት ናይጄሪያዊው ኦቢ ዋሊ በ«ትራንዚሽን» አሥረኛ ቁጥር ላይ አንድ ጽሑፍ አወጣ። እውነተኛ የአፍሪቃ ሥነ ጽሑፍ በአፍሪቃ ቋንቋ ካልተጻፈ መንገዱ መውጫ የሌለው ነው አለ። ክርክሩ ጦፈ፤ ሾይንካ መለሰ፣ ኢዝኪኤል ምፋሌሌ መለሰ። በ1965 አቼቤ በዚያው መጽሔት ላይ በእንግሊዝኛ መጻፍን ደግፎ ተከራከረ። ንጉጊ ግን ዓመታት ቆይቶ ወደ ኪኩዩ ቋንቋ ተመለሰ።

እዚህ ላይ የአማርኛ አንባቢ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልብ ወለድ ታሪክ ሮም ላይ የታተመው በ1908 ነውና፣ ጉባኤው ሲቀመጥ የአማርኛ ልብ ወለድ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ አስቆጥሮ ነበር። ነገር ግን ጥሪው በእንግሊዝኛ ለሚጽፉ ስለነበር በአማርኛ የሚጽፍ ደራሲ የሚቀመጥበት ወንበር አልነበረም። ዋሊን ያስቆጣውም ይኸው ነው። በበኩሌ የምደነቀው ግን በሌላ ነገር ነው፤ በእንግሊዝኛ የሚታተም መጽሔት የራሱን ህልውና የሚጠራጠር ጽሑፍ ሳይሸማቀቅ አትሞ ወጣ።

ኒዮጊ በዚህ አልተመለሰም። ኩዋሜ ንክሩማ በ1966 በመፈንቅለ መንግሥት ከወረደ በኋላ አሊ ማዝሩይ መሪውን «ሌኒናዊ ዛር» ብሎ የተቸበትን ጽሑፍ አወጣ። በ1967 ደግሞ ፖል ቴሩ በምሥራቅ አፍሪቃ የሚኖሩትን ነጮች ከታርዛን ጋር አመሳስሎ ጻፈ። የደብዳቤ ገጾቹ በቁጣ ተሞሉ፤ የመጽሔቱም ስርጭት ወደ 12 ሺህ ቅጂ ደረሰ።

ይሁንና መጽሔት በአንባቢ ጩኸት ብቻ አይኖርም፤ ወረቀትም የማተሚያ ቤት ሒሳብም አለ። ከ1962 ጀምሮ «ትራንዚሽን»ን ይደጉም የነበረው ዋና ጽሕፈት ቤቱ ፓሪስ የነበረ፣ ለባህል ነጻነት የቆመ የሚባል ድርጅት ነው። በ1966 እና በ1967 የድርጅቱ ገንዘብ ከአሜሪካው የስለላ ድርጅት ከሲ.አይ.ኤ. ይመጣ እንደነበር ተጋለጠ። ኒዮጊ አላውቅም ነበር አለ። እኔም አምነዋለሁ፤ የመጽሔቱ ገጾች የአንድ ወገን አፍ አይመስሉም። ግን እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ እንዲሉ፣ ያለ ጭንቅ የመጣው ገንዘብ አንድ ውድ ነገር ይዞ ሄደ። ከዚያ በኋላ ለተቆጣ ባለሥልጣን «ይህ የባዕዳን ልሳን ነው» ማለት ቀላል ሆነ።

ክፉው ቀንም ብዙ አልዘገየም። የምክር ቤት አባልና የሕግ ባለሙያ የነበረው አቡ ማያንጃ የሚልተን ኦቦቴን መንግሥት የሕገ መንግሥት አያያዝና የአፍሪቃውያን ዳኞችን ሹመት መዘግየት የሚነቅፍ ደብዳቤ ላከ። ኒዮጊም አተመው። በኦክቶበር 1968 ጸሐፊውም አዘጋጁም ተያዙ፤ ሕዝብን በመንግሥት ላይ በማነሣሣት ተከሰሱ። በ1969 መጀመሪያ ፍርድ ቤት ነጻ ቢላቸው ወዲያው በአስቸኳይ ጊዜ ሕግ ተመልሰው ታሰሩ። ኒዮጊ በዚያው ዓመት ከእስር ሲወጣ የተወለደባትን አገር ለቀቀ።

የቀረው ታሪክ አጭር ነው። መጽሔቱ በ1971 ጋና፣ አክራ ላይ እንደገና ተጀመረ። በኋላ ሾይንካ አዘጋጅነቱን ተረከበ፤ ስሙን «ቺንዳባ» አለው፤ የኢዲ አሚንንም ግፍ አጥብቆ አወገዘ። በ1976 ግን ተቋረጠ። በ1991 በአሜሪካ ምሁራን እጅ በቀድሞ ስሙ ተነሣ። ኒዮጊ በ1995 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ አረፈ።

የካምፓላውን «ትራንዚሽን» የገደለው እስር ቤት ነው የሚሉ አሉ፤ ገንዘቡ ነው የሚሉም አሉ። እኔ ሁለቱን ለያይቼ አላያቸውም። ደብዳቤ በማተሙ የታሰረ አዘጋጅ፣ ከኋላው ወጪውን የሚሸፍንለት የገዛ አንባቢው ቢሆን ኖሮ ዱላው ባይቀርለትም ስሙ አይጎድፍም ነበር። መጽሔት ገዝቶ ከማንበብ ይልቅ ተውሶ ማንበብ ልማድ በሆነበት ከተማችን ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ያቺን የነተበች ቅጂ ባነሣሁ ቁጥር «የምንወደውን መጽሔት እኛ ካላኖርነው ማን ያኖረዋል? ምንስ አስከፍሎ?» እያልኩ ራሴን እጠይቃለሁ።