ተፈላጊን በበይነ መረብ ማደን፦ የሕዝብ ጥቆማ ፍትሕን የሚያግዘው መቼ ነው? ንጹሕ ሰውን የሚጎዳውስ?

የአንድ ተፈላጊ ፎቶግራፍ በማኅበራዊ ሚዲያ በተለቀቀ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ይመለከቱታል። ከእነዚህ መካከል ግለሰቡን በእርግጥ የሚያውቁት እጅግ ጥቂት ናቸው። የሚበዙት አያውቁትም፤ ሆኖም ፊቱን ከሌሎች ፊቶች ጋር ያነጻጽራሉ፣ የቆዩ ገጾችን ይበረብራሉ፣ አንዳንዴም ስም ይጠራሉ።

ወንጀልንና ከሕግ የሸሹ ሰዎችን ጉዳይ እየተከታተሉ የሚወያዩ ማኅበረሰቦች ዛሬ በፌስቡክ፣ በዩቲዩብ፣ በቲክቶክ፣ በቴሌግራምና በሬዲት በሰፊው ይገኛሉ። አንዳንዶቹ ፖሊስ ለዓመታት ያጣውን ፍንጭ አግኝተዋል። ሌሎቹ ደግሞ ምንም ያላጠፉ ሰዎችን ለስድብና ለዛቻ ዳርገዋል።

በእነዚህ ሁለት ውጤቶች መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? ባለፉት ዓመታት የታዩ ጉዳዮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንድ መስመር ይታያል፦ ያየውንና የሚያውቀውን የሚናገር ሰው ብዙ ጊዜ ይረዳል፤ በመመሳሰል ላይ ተመሥርቶ የሚገምት ሰው ግን ብዙ ጊዜ ይጎዳል።

«ተፈላጊ» ማለት ምን ማለት ነው?

«ተፈላጊ» የሚለው ቃል በሰፊው ሕዝብ ዘንድ ከ«ወንጀለኛ» ጋር አንድ ተደርጎ ይወሰዳል። በሕግ ግን እንዲህ አይደለም። ተጠርጣሪ ምርመራ የሚካሄድበት ሰው ነው፤ ተከሳሽ ክስ የቀረበበት ነው፤ ፍርደኛ ደግሞ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ብሎ የወሰነበት ነው። ከሦስቱ የትኛውም ሊሸሽና ሊፈለግ ይችላል።

የዓለም አቀፉ የፖሊስ ተቋም ኢንተርፖል የሚያወጣው «ቀይ ማስታወቂያ» በዚህ ረገድ በተደጋጋሚ በስህተት ይተረጎማል። ኢንተርፖል 196 አባል አገራት ያሉት፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ በፈረንሳይ ሊዮን የሚገኝ ተቋም ነው። ቀይ ማስታወቂያው አንድ አገር ወይም ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት የሚፈልገውን ሰው ሌሎች አገራት አፈላልገው ለጊዜው እንዲይዙት የሚያቀርበው ጥያቄ ነው። በራሱ ዓለም አቀፍ የእስር ማዘዣ አይደለም፤ ምን ዓይነት ሕጋዊ ኃይል እንደሚኖረው እያንዳንዱ አባል አገር በራሱ ሕግ ይወስናል። አብዛኞቹ ቀይ ማስታወቂያዎችም ለፖሊስ ብቻ የሚደርሱ እንጂ ለሕዝብ ይፋ የሚደረጉ አይደሉም።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 የተከሰሱ ሰዎች በፍርድ ሂደት ላይ ባሉበት ጊዜ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ይህ መብት ተከሳሹ ፎቶግራፉ በማኅበራዊ ሚዲያ ስለተሠራጨ አይቀርም።

የሚያውቅ ሰው ሲናገር

ኤርትራዊው ኪዳነ ዘካርያስ ሃብተማርያም በሊቢያዋ ባኒ ዋሊድ ስደተኞችን አግተው ቤዛ ከሚያስከፍሉ የሰው አዘዋዋሪዎች መካከል ዋነኛው ነው ተብሎ ለዓመታት ሲፈለግ ቆይቷል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እአአ) በ2020 መጀመሪያ በአዲስ አበባ በቁጥጥር ሥር የዋለው፣ በወቅቱ እንደተዘገበው፣ በሊቢያ በእጁ ሥር የነበረ አንድ ወጣት በመንገድ ላይ አይቶ ስላወቀውና ለፖሊስ ስለጠቆመ ነው። ወጣቱ የጠቆመው በፎቶግራፍ ያየውን ሰው አልነበረም፤ ያሠቃየውን ሰው ነበር።

ኪዳነ በ2021 ለችሎት በቀረበበት ወቅት አመለጠ፤ በሌለበትም የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። በኢትዮጵያና በኔዘርላንድስ ጥያቄ ሁለት ቀይ ማስታወቂያዎች ወጥተውበት ሲፈለግ ቆይቶ በጥር 2023 የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ፖሊስ በመራው ዘመቻ በሱዳን ተያዘ።

ሌላው ምሳሌ ከቤልጂየም ነው። በ1992 በአንትወርፕ ከተማ አንዲት ሴት ተገድላ በወንዝ ውስጥ ተገኘች፤ ማንነቷ ግን ለ31 ዓመታት ሳይታወቅ ቆየ። በ2023 ኢንተርፖል ከቤልጂየም፣ ከጀርመንና ከኔዘርላንድስ ፖሊሶች ጋር በመሆን ማንነታቸው ያልታወቀ 22 የሞቱ ሴቶችን የሚመለከት ዘመቻ ጀመረ። በሴትዮዋ ክንድ ላይ የነበረው የአበባ ንቅሳት ምስል በዜና ወጣ። በብሪታኒያ የሚኖሩ ቤተሰቦቿም ንቅሳቱን አይተው አወቋት። ለዘመናት «ያልታወቀች» ተብላ የተመዘገበችው ሟች በዚህ መንገድ ስሟን መልሳ አገኘች።

በአሜሪካም በ2021 በጉዞ ላይ ሳለች የጠፋች የ22 ዓመት ወጣት ስትፈለግ፣ በዚያው አካባቢ ተጉዘው ቪዲዮ የቀረጹ ባልና ሚስት የራሳቸውን ምስል ዳግመኛ ሲመረምሩ የወጣቷን ነጭ መኪና መንገድ ዳር ቆሞ አገኙት። ምስሉን ለመርማሪዎች ሰጡ፤ የወጣቷ አስከሬንም ከዚያ ብዙም ሳይርቅ በዋዮሚንግ ግዛት ተገኘ።

የተጠቂው ወጣት፣ የሟቿ ቤተሰቦች፣ ቪዲዮ የቀረጹት ባልና ሚስት፣ ሁሉም በእጃቸው ያለውን አቀረቡ፤ የቀረውን የማጣራት ሥራ ለመርማሪዎች ተዉ።

የማያውቅ ሰው ሲገምት

በሚያዝያ 2013 በአሜሪካ ቦስተን የማራቶን ውድድር ላይ በደረሰው የቦምብ ጥቃት ሦስት ሰዎች ሲገደሉ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቆሰሉ። ጥቃቱ ከደረሰ ከሦስት ቀናት በኋላ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ (ኤፍቢአይ) የሁለት ተጠርጣሪዎችን ምስል ይፋ አደረገ። ወዲያው በሬዲትና በትዊተር ላይ ምስሉን ከብዙ ሰዎች ፎቶግራፍ ጋር የማነጻጸር ዘመቻ ተጀመረ።

ብዙዎች ያነጣጠሩበት ከጥቃቱ ሳምንታት አስቀድሞ የጠፋ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ቤተሰቦቹ ልጃቸውን ለማግኘት የከፈቱት የማፈላለጊያ ገጽ በአንድ ሌሊት በስድብ ተጥለቀለቀ። እውነተኞቹ ተጠርጣሪዎች ሌሎች መሆናቸው በማግስቱ ታወቀ። የተማሪው አስከሬን ከቀናት በኋላ በወንዝ ውስጥ ተገኘ፤ ስሙ ከቦምብ ጋር ሲነሣ እርሱ ቀድሞ ሞቶ ነበር። ሬዲትም ቤተሰቡን በይፋ ይቅርታ ጠየቀ።

በ2022 መጨረሻ ደግሞ በአሜሪካ አይዳሆ ግዛት አራት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተገደሉ። ገዳዩ ገና ሳይታወቅ አንዲት የቲክቶክ ተጠቃሚ ከጉዳዩ ጋር ምንም ግንኙነት የሌላቸውን የዩኒቨርሲቲ መምህርት ወንጀሉን አቀነባብረዋል ስትል በተከታታይ ቪዲዮዎች ወነጀለች። ፖሊስ መምህርቷ ተጠርጣሪ እንዳልሆኑ ተናገረ፤ ሌላ ሰው ተይዞም ክስ ተመሠረተበት። መምህርቷ ፍርድ ቤት ሄደው በ2024 ዳኛው ቪዲዮዎቹ ስም የሚያጠፉ መሆናቸውን ወሰኑ።

በእነዚህ ጉዳዮች የተሳተፉት ሰዎች ብዙዎቹ ክፉ ዓላማ አልነበራቸውም፤ ለመርዳት የተነሡ ነበሩ። ችግሩ ያለው በአሠራሩ ነው። አንድ ሰው «ይመስላል» ያለውን ሁለተኛው «ነው ይባላል» ብሎ ያስተላልፋል፤ በሦስተኛው ዘንድ «ነው» ይሆናል። ግምቱን የጀመረው ሰው ቃሉን ቢያነሣ እንኳ የተሠራጨው ምስል አይመለስም።

መንግሥታትም ሲሳሳቱ

ፊትን ከስም ጋር በማዛመድ ረገድ የሚሳሳተው ሕዝብ ብቻ አይደለም። ጥቅምት 3 ቀን 2013 (እአአ) በጣሊያኗ ላምፔዱዛ ደሴት አቅራቢያ አንዲት ጀልባ ሰጥማ ከ360 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ነበሩ። የጣሊያን ዐቃብያነ ሕግ ከዚህ በኋላ በጥብቅ ይፈልጓቸው ከነበሩ ሰዎች አንዱ «ጄኔራሉ» በሚል ቅጽል የሚታወቀው ኤርትራዊው መድኃኔ ይሕደጎ መረድ ነበር።

በግንቦት 2016 በካርቱም አንድ ወጣት ኤርትራዊ ተያዘ፤ በሰኔ ወር ለጣሊያን ተላልፎ ተሰጠ። ጣሊያንና ብሪታኒያ ተፈላጊው መያዙን አበሠሩ። የወጣቱ ፎቶግራፍ በተለቀቀ በሰዓታት ውስጥ ግን በተለያዩ አገራት የሚገኙ ወዳጆቹና ዘመዶቹ «ይህ ሰው እርሱ አይደለም» እያሉ በማኅበራዊ ሚዲያና በመገናኛ ብዙኃን መናገር ጀመሩ። የታሰረው በካርቱም የሚኖር፣ የመጀመሪያ ስሙ ከተፈላጊው ጋር የተመሳሰለ ስደተኛ ነበር። በእውነተኛው መድኃኔ እጅ ያለፉ ስደተኞችም ፊቱ የእርሱ እንዳልሆነ መሰከሩ።

ዐቃብያነ ሕጉ ግን በክሱ ጸኑ። የወጣቱ እናት ለዘረመል ምርመራ ናሙና ሰጡ፤ ውጤቱም ልጃቸው መሆኑን አረጋገጠ። በመጨረሻ በሐምሌ 2019 በፓሌርሞ የሚገኘው ፍርድ ቤት የተያዘው ሌላ ሰው መሆኑን ተቀበለ። በሕገ ወጥ መንገድ ወደ አገር መግባትን ረድቷል በሚል ቀለል ያለ ክስ ጥፋተኛ ቢለውም፣ በእስር የቆየበትን ጊዜ ከግምት በማስገባት ወዲያውኑ እንዲለቀቅ አዘዘ። ወጣቱ ያኔ ሦስት ዓመት በእስር ቆይቶ ነበር።

በዚህ ጉዳይ እውነቱን የያዘው በበይነ መረብ የተናገረው ሕዝብ ነበር። ከቦስተኑ ሕዝብ የሚለየውም በአንድ ነገር ነው፦ ሰውየውን ያውቀው ነበር።

ከፊት ይልቅ ቦታና ዕቃ

የበይነ መረብ መርማሪዎች ጥሩ ውጤት ያስገኙበት ሌላም ዘርፍ አለ። በሐምሌ 2018 ወታደሮች ሁለት ሴቶችንና ሁለት ሕፃናትን ሲገድሉ የሚያሳይ ቪዲዮ ተሠራጨ። የካሜሩን መንግሥት መጀመሪያ ላይ ሐሰተኛ ዜና ነው ሲል አስተባበለ። የቢቢሲ አፍሪካ አይ ጋዜጠኞች ከበይነ መረብ ተመራማሪዎች ጋር በመሆን በቪዲዮው ላይ የሚታየውን የተራራ ጫፍ፣ ቤቶቹንና ዛፎቹን ከሳተላይት ምስል ጋር አመሳከሩ። ድርጊቱ የተፈጸመው በሰሜን ካሜሩን፣ ዜሌቬት በተባለች መንደር አቅራቢያ መሆኑን አሳዩ፤ ጊዜውንም ከጥላ አቅጣጫና ርዝመት በመነሣት በ2015 መጋቢት መጨረሻና ሚያዝያ መጀመሪያ መካከል ወሰኑት። በ2020 አራት ወታደሮች እያንዳንዳቸው 10 ዓመት ተፈረደባቸው።

የአውሮፓ ኅብረት የፖሊስ ተቋም ዩሮፖልም ከ2017 ጀምሮ በሕፃናት ላይ በተፈጸሙ ወንጀሎች ምስሎች ውስጥ የታዩ ዕቃዎችን ብቻ ለይቶ ለሕዝብ ያቀርባል፤ ተመልካቹ የልብሱን፣ የከረጢቱን ወይም የማሸጊያውን መገኛ ካወቀ ይጠቁማል። እንዲህ ያለው አሠራር አንድ ጥቅም አለው። ስለ ተራራ ወይም ስለ ከረጢት የተሰጠ የተሳሳተ ግምት በሌላ ማስረጃ ይታረማል፤ በመካከሉ ግን ማንም አይዛትበትም፣ ማንም አይታሰርበትም።

ጠቋሚውን የሚጠብቀው አደጋ

አደጋው በተጠቋሚው ላይ ብቻ አይወሰንም። የሩዋንዳውን የዘር ጭፍጨፋ በገንዘብ ደግፏል ተብሎ የተከሰሰው ባለሀብት ፌሊሲየን ካቡጋ ከሁለት አስርት ዓመታት በላይ ሲፈለግ ኖሯል። አሜሪካ እስከ 5 ሚሊዮን ዶላር ወሮታ መድባ ነበር፤ ፎቶግራፉም በኬንያ በሰፊው ተሠራጭቷል። ተፈላጊውን ለማስያዝ ይተባበር ነበር የተባለ አንድ ኬንያዊ በጥር 2003 በናይሮቢ ቤቱ ውስጥ ሞቶ ተገኘ።

ካቡጋ በመጨረሻ የተያዘው በግንቦት 2020 በፓሪስ አቅራቢያ ነው። መርማሪዎች የደረሱበት የቤተሰቡን የስልክ እንቅስቃሴ በመከተል ሲሆን ማንነቱም በዘረመል ምርመራ ተረጋግጧል። ይህ ሁሉ የተከናወነው በድብቅ ነበር፤ ተፈላጊ ሰው እየታየ መሆኑን አስቀድሞ ካወቀ ስፍራውን ይለውጣል። ካቡጋ ፍርድ ቤት ቢቀርብም በ2023 በመርሳት ሕመም ምክንያት ችሎቱን መከታተል እንደማይችል ተወስኖ ሂደቱ ተቋረጠ። የዘገየ እስር ተጎጂዎችን ፍርድ ሊያሳጣቸው እንደሚችል ጉዳዩ ያሳያል።

ተፈላጊን ያየ ሰው ምን ያድርግ?

መጀመሪያ፣ የሚያውቀውንና የሚጠረጥረውን ይለይ። «በዚህ ቀን በዚህ ቦታ አየሁት» የሚለው ቃል ለመርማሪ ይጠቅማል፤ «ይህ ሰው እርሱን ይመስላል» የሚለው ግን ሳይጣራ አደባባይ ሊወጣ አይገባም።

ሁለተኛ፣ ጥቆማውን ለፖሊስ ወይም ጉዳዩን ለያዘው ዐቃቤ ሕግ ይስጥ። ምስል ካለው ሳይቆርጥና ሳያስተካክል ዋናውን ያስቀምጥ፤ ቀኑና ቦታው በውስጡ ተመዝግቦ ሊገኝ ይችላልና።

ሦስተኛ፣ የተጠርጣሪውን ቤተሰብ አይነካካ። ዘመድ መሆን ወንጀል አይደለም። ተፈላጊውንም በራሱ አይከተል፣ ለመያዝም አይሞክር።

አራተኛ፣ የሚያጋራው ጽሑፍ በሕግ ሊያስጠይቀው እንደሚችል ይወቅ። በኢትዮጵያ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒውተር አማካይነት የሚፈጸም ስም ማጥፋትን ያስቀጣል፤ ብዙዎች በስደት የሚኖሩባቸው የአውሮፓና የባሕረ ሰላጤው አገራትም የየራሳቸው ሕግ አላቸው።

በተለይ ወገኖቻቸው በአዘዋዋሪዎች እጅ ለተሠቃዩባቸው ቤተሰቦች ዝም ብሎ መጠበቅ ከባድ ነው። ነገር ግን ስህተት እነርሱንም ይጎዳል። በፓሌርሞ ችሎት ፊት አንድ ወጣት ሦስት ዓመት ሲመላለስ፣ ላምፔዱዛ ላይ ለሞቱት ሰዎች መልስ ይሰጣል የተባለው ተፈላጊ አንድም ቀን በዚያ አልቆመም።