የገና ዱላና ጥንግ

የገና ዱላ በገና በዓል ጨዋታ ላይ ጥንግ ወይም ሩር የሚመታበት፣ ጫፉ የተቆለመመ በትር ነው። ዋናው ቁም ነገር ቆልማማው ነው። ቅርንጫፉ ከግንዱ በተፈጥሮው ታጥፎ የወጣበት እንጨት ከሁሉ ይመረጣል፤ ጭረቱ መታጠፊያውን ተከትሎ ስለሚዞር በቀላሉ አይሰበርም። ተጠርቦ የተቆለመመ ግን ጭረቱ መታጠፊያው ላይ ይቆረጣል፤ ጠንከር ያለ ምት ሲያርፍበት እዚያው ይሰነጠቃል። በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ በአዲስ ቅዳም ዙሪያ፣ ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስ የተባለ ዛፍ ቀጥ ብሎ ስለሚያድግ ለዚህ አይመችም። ወይራ ጠንካራ ነው፤ ግን ይከብዳል፤ ለልጅ ቀለል ያለ ይሻላል።

እንጨቱ ቅርፊቱ ተልጦ በጥላ ይደርቃል፤ ፀሐይ ላይ ከዋለ ይሰነጠቃል። ርዝመቱን ለመለካት ተጫዋቹ ትንሽ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ይይዘዋል፤ ቆልማማው መሬቱ ላይ ተኝቶ ካረፈ ልኩ ነው። ጥንጉ ከእንጨት ወይም ከቆዳ ይሠራል።

ገናን በሚመስለው በበረዶ ሆኪ ደግሞ ዱላው የሚለካው በሌላ መንገድ ነው፤ ተጫዋቹ መንሸራተቻ ጫማውን አድርጎ ሲቆም የዱላው ጫፍ አገጩ አካባቢ ይደርሳል። የራስ ቁር፣ ጓንትና የቅልጥም መከላከያም ይለበሳል። በገና ሜዳ ይህ ሁሉ የለም፤ የበረረ የእንጨት ጥንግ ግን ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ ለልጆቻችሁ የቆዳውን ጥንግ ስጧቸው።