ያገለገለ የስፖርት መኪና ከውጭ ሀገር ለመግዛት፦ ገንዘብ ከመላኩ በፊት መታወቅ ያለባቸው ጉዳዮች

ቆቦ፦ ከቆቦ ከተማና ከራያ ቆላ ቀበሌዎች ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ሌሎች የዓረብ ሀገራት ለሥራ የሄዱ ወጣቶች ብዙ ናቸው። በዱባይና በሻርጃ የመኪና ገበያዎች ተደርድረው የሚታዩ፣ በጃፓን ሻጮችም በስልክ መስኮት የሚቀርቡ ያገለገሉ የስፖርት መኪናዎች ዋጋ አንዳንድ ጊዜ በሀገር ውስጥ አንዲት ትንሽ የቤት መኪና ከምትጠራበት ዋጋ ያንሳል። "ከዚያው ገዝተህ ላክልን" የሚለው ጥያቄ ከቤተሰብ የሚነሳው፣ "ከዚህ ገዝቼ ልላክ" የሚለው ሐሳብም ከስደተኛው የሚመጣው በዚህ የዋጋ ልዩነት ምክንያት ነው።

ኾኖም ለእንዲህ ያለው ግዥ የሚውለው ገንዘብ የዓመታት የስደት ድካም፣ አለዚያም የሽንኩርትና የከብት ሽያጭ ጥሪት ነው። አንዴ ድንበር ከተሻገረ በኋላ ማስመለሱ እጅግ አዳጋች ነው። ስለዚህ ገዥው አራት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል መመለስ ይኖርበታል። መኪናው ወደ ሀገር መግባት ይችላልን? ቀረጥና ታክሱ ስንት ነው? ሻጩና መኪናው የተባሉትን ናቸውን? በመጨረሻም መኪናው በሚነዳበት አካባቢ ያገለግላልን? ብዙዎች ለኪሳራ የሚዳረጉት ሦስተኛውን ጥያቄ መጀመሪያ አድርገው፣ የመጀመሪያውን ደግሞ መኪናው ጅቡቲ ከደረሰ በኋላ ሲጠይቁ ነው።

መኪናው መግባት ይችላልን?

የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ.ር) በጥር 2016 ዓ.ም እንዳስታወቁት፣ ከኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች በስተቀር ሌሎች አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ተወስኗል። የውሳኔው ዋነኛ ምክንያት ሀገሪቱ ለነዳጅ ግዥ የምታወጣው የውጭ ምንዛሪ ነው። ከዚያም ቀደም ብሎ በጥቅምት 2015 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ከታገዱት 38 የዕቃ ዓይነቶች መካከል የቤት አውቶሞቢሎች ይገኙበት ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም በተደረገው የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ የ38ቱ ዕቃዎች ገደብ ቢነሳም፣ በነዳጅ አውቶሞቢሎች ላይ የተጣለው ክልከላ በዚያ አልተሻረም። በገበያ ላይ ያሉት ያገለገሉ የስፖርት መኪናዎች አብዛኞቹ ደግሞ ቤንዚን የሚጠቀሙ ናቸው።

የውጭ ሻጭ "መኪናው ወደ አፍሪካ ይሄዳል" ቢል ለኢትዮጵያዊ ገዥ ማስረጃ አይኾንም። እያንዳንዱ ሀገር የየራሱ ሕግ አለው። ጎረቤት ኬንያ ከተሠራ ከ8 ዓመት በላይ የኾነውን መኪና አታስገባም። አሜሪካ በተቃራኒው፣ ለራሷ ገበያ ያልተሠራን የውጭ መኪና ከደኅንነት ደረጃ ግዴታ ነፃ የምታደርገው 25 ዓመት ሲሞላው ነው። የጃፓን አሮጌ የስፖርት መኪናዎች 25 ዓመት ሲሞላቸው ዋጋቸው የሚያሻቅብበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ሻጩ የሚያውቀው የመላኪያውን መንገድ እንጂ የመግቢያውን ሕግ አይደለም። ሕግ በየጊዜው ስለሚሻሻልም ገዥው ውሉን ከመፈረሙ በፊት የመኪናውን ዓይነት፣ የተሠራበትን ዓመት፣ የሞተሩን ጉልበትና የነዳጁን ዓይነት ጠቅሶ ከጉምሩክ ኮሚሽን ቅርንጫፍ መልስ ማግኘት አለበት። በደላላ ቃል ብቻ መንቀሳቀስ አይገባም።

ሌላው ጉዳይ የመሪው አቀማመጥ ነው። ኢትዮጵያ ከግራ ወደ ቀኝ መንገድ አነዳድ የተሸጋገረችው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም ነው፤ ስለዚህ ለሀገሪቱ መንገድ የሚስማማው መሪው በግራ የኾነ መኪና ነው። ጃፓን ግን መንገዱን በግራ ይዛ የምትነዳ በመኾኗ መኪናዎቿ መሪያቸው በቀኝ ነው። ከጃፓን ወደ ዓረብ ኤምሬትስ ገብተው መሪያቸው ወደ ግራ የተዛወረ መኪናዎች ለገበያ ይቀርባሉ። ሥራው በጥንቃቄ ካልተከናወነ በመሪው ዘንግ፣ በፍሬኑና በአደጋ መከላከያ የአየር ከረጢቱ ላይ ጉድለት ያስከትላል። ስለኾነም መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ መሪው በየትኛው ጎን እንደነበር ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ሻጩ የጠራው ዋጋና የመጨረሻው ዋጋ

ክልከላው ቢነሳ ወይም መኪናው በፈቃድ ቢገባ እንኳ ሁለተኛው ጥያቄ ታክስ ነው። በየካቲት 2012 ዓ.ም የጸደቀው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 አሮጌ መኪና ከአዲስ ይልቅ ከፍ ያለ ታክስ እንዲከፍል አድርጓል። መኪናው ባረጀ ቁጥር፣ ሞተሩም በተለቀ ቁጥር መጣኔው ይጨምራል፤ ከፍተኛው 500 በመቶ ይደርሳል። ከዚያ በፊት የነበረው አሠራር በአንጻሩ ለአሮጌ መኪና የእርጅና ቅናሽ ይሰጥ ስለነበር፣ የቀድሞውን ዘመን የሚያስታውሱ ሰዎች የሚሰጡት የዋጋ ግምት ዛሬ አይሠራም።

ታክሶቹ ለየብቻ የሚደመሩ ሳይኾን አንዱ በሌላው ላይ የሚሰላ ነው። አሠራሩን ለማሳየት ከ7 ዓመት በላይ ያገለገለ፣ ሞተሩ ከ1 ሺህ 800 ሲሲ የሚበልጥ የስፖርት መኪና እንውሰድ። የመኪናው ዋጋ፣ የመርከብ ጭነትና ኢንሹራንስ ተደምሮ 1 ሚሊዮን ብር ነው እንበል። የጉምሩክ ቀረጡ ለምሳሌ 35 በመቶ ቢኾን ስሌቱ የሚከተለውን ይመስላል።

- የጉምሩክ ቀረጥ 35 በመቶ፦ 350 ሺህ ብር
- ኤክሳይዝ ታክስ 500 በመቶ፣ በ1 ሚሊዮን 350 ሺህ ብር ላይ ተሰልቶ፦ 6 ሚሊዮን 750 ሺህ ብር
- ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ፣ በ8 ሚሊዮን 100 ሺህ ብር ላይ፦ 1 ሚሊዮን 215 ሺህ ብር
- ሱር ታክስ 10 በመቶ፣ በ9 ሚሊዮን 315 ሺህ ብር ላይ፦ 931 ሺህ 500 ብር
- ቅድመ ግብርና የማኅበራዊ ልማት ቀረጥ፣ እያንዳንዳቸው ከመነሻው ዋጋ 3 በመቶ፦ በድምሩ 60 ሺህ ብር

በዚህ ስሌት ለመንግሥት የሚከፈለው 9 ሚሊዮን 306 ሺህ 500 ብር ይኾናል። 1 ሚሊዮን ብር የተባለው መኪና የወደብ፣ የትራንዚተርና የሀገር ውስጥ ማጓጓዣ ወጪ ሳይጨመር ከ10 ሚሊዮን 300 ሺህ ብር በላይ ይወጣበታል ማለት ነው። ከሻጭ ጋር ተስማምቶ በደረሰኝ ላይ ዋጋ ማሳነስም መፍትሔ አይኾንም። ጉምሩክ ደረሰኙን አጠራጣሪ ኾኖ ካገኘው በራሱ የዋጋ መረጃ ተመሥርቶ ማስላት ይችላል፤ ሐሰተኛ ሰነድ ማቅረብ ደግሞ በወንጀል ያስጠይቃል።

ሻጩን ማጣራት

በውጭ ሀገር መኪና ሻጭ ስም የሚፈጸም ማታለል የታወቀ ስልት አለው። አታላዩ የእውነተኛ ድርጅትን ስም፣ አርማና ፎቶግራፍ ወስዶ ተመሳሳይ ገጽ ያዘጋጃል፤ ከገበያ ዋጋ በእጅጉ ያነሰ ዋጋ ይጠራል፤ "ሌላ ገዥ ተገኝቷል" እያለ ያስቸኩላል፤ በመጨረሻም ገንዘቡ በግለሰብ ስም በተከፈተ ሒሳብ እንዲገባ ይጠይቃል። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ እንዲሉ፣ የችኮላው ጥሪ ራሱ የመጀመሪያው የማስጠንቀቂያ ምልክት ነው።

ሕጋዊ ሻጭ የንግድ ምዝገባ ቁጥር፣ ቋሚ አድራሻና በድርጅቱ ስም የተከፈተ የባንክ ሒሳብ አለው። በዚያው ከተማ ዘመድ ወይም የሀገር ልጅ ካለ መኪናውን በአካል እንዲያይ መላክ ከሁሉ የተሻለ ነው። ሰው ከሌለ ሻጩ በቪዲዮ ጥሪ መኪናውን እያስነሳ እንዲያሳይ መጠየቅ ይገባል። ገዥው በዚያው ሰዓት የመረጠውን ቃል በወረቀት ጽፎ ከመኪናው አጠገብ እንዲያሳይ ማድረግ ቀላል ማረጋገጫ ነው፤ የተሰረቀ ፎቶግራፍ ይህን ማድረግ አይችልም።

የመኪናውን ታሪክ ማንበብ

ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ የተሠሩ አብዛኞቹ መኪናዎች 17 ፊደላትና ቁጥሮች ያሉት የሻንሲ ቁጥር አላቸው፤ ለጃፓን ገበያ የተሠሩት ግን አጠር ያለ ቁጥር ይይዛሉ። በሻንሲው ላይ የተቀረጸው፣ በባለቤትነት መታወቂያው ላይ ያለውና በሽያጭ ደረሰኙ ላይ የተጻፈው ቁጥር አንድ መኾን አለበት። አንድ ፊደል እንኳ ቢለያይ መኪናው በጉምሩክ ሊያዝ ይችላል።

ከጃፓን ጨረታ የወጣ መኪና የምርመራ ወረቀት ይኖረዋል። በወረቀቱ ላይ የመኪናው ደረጃ በቁጥር ይገለጻል፤ 4 እና ከዚያ በላይ ጥሩ ይዞታን ያመለክታል። "አር" የሚለው የላቲን ፊደል ከተጻፈበት ግን መኪናው ተጋጭቶ የተጠገነ ነው። በስፖርት መኪና ላይ ይህ ምልክት የበለጠ ሊያሳስብ ይገባል፤ በፍጥነትና በውድድር ሲነዱ የሚጋጩ ብዙ ናቸውና። የኪሎ ሜትር መቁጠሪያ ወደ ኋላ ሊመለስ ስለሚችልም በመቁጠሪያው ብቻ መተማመን አይገባም። ያለቀ የፍሬን ፔዳል ላስቲክ፣ የተላጠ የመሪ ቆዳና የተቀደደ የሹፌር ወንበር ከመቁጠሪያው ይልቅ እውነቱን ይናገራሉ።

ክፍያና ጉዞ

ሻጮች ዋጋ የሚጠሩት በሁለት ዓይነት ነው። "ኤፍኦቢ" የተባለው መኪናው በላኪው ሀገር መርከብ ላይ እስኪጫን ያለውን ብቻ ይይዛል። "ሲአይኤፍ" የተባለው ደግሞ እስከ መድረሻው ወደብ ያለውን ጭነትና ኢንሹራንስ ይጨምራል። ሁለት ሻጮችን ለማነጻጸር ሁለቱም በአንድ ዓይነት መጥራታቸውን ማረጋገጥ ያሻል።

በባንክ በኩል የሚከፈት ኤልሲ ለገዥው የተሻለ ዋስትና ነው፤ ሻጩ ገንዘቡን የሚያገኘው የመጫኛ ሰነዶቹን ለባንክ ሲያቀርብ ነውና። ያም ኾኖ ባንኩ የሚመረምረው ሰነዱን እንጂ መኪናውን ስላልኾነ የመኪናው ምርመራ አስቀድሞ መከናወን አለበት። ሙሉ ክፍያን በቅድሚያ በሐዋላ መላክ ግን ዋስትና የለውም። መኪናው ሲጫን የመርከብ ጭነት ሰነዱ በትክክለኛው ተረካቢ ስም መዘጋጀት ይኖርበታል። የኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ንግድ አብዛኛው በጅቡቲ በኩል ስለሚያልፍ፣ ዕቃው በሰነድ ጉድለት ወይም በክልከላ ምክንያት በዚያ ከቆመ የማቆያ ኪራዩ በየቀኑ ይቆጠራል። መግባት የማይችል መኪና ያዘዘ ሰው ያለው አማራጭ በኪሳራ መሸጥ ወይም ተጨማሪ ከፍሎ መመለስ ነው።

ለራያ መንገድና አየር ይስማማልን?

የስፖርት መኪና የሆዱ ከፍታ ብዙ ጊዜ ከመሬት 15 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ከወልድያ በቆቦ ወደ አላማጣ በሚያልፈው አስፋልት ላይ ሊነዳ ቢችልም፣ ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ቀበሌዎች ሲገባ አሸዋው፣ ድንጋዩና እንደ ጎሊናና ሆርማት ያሉ ወንዞች በክረምት የሚያመጡት ደለል አያሳልፈውም። የቆላው ሙቀትና አቧራ የሞተር ማቀዝቀዣንና የአየር ማጣሪያን ይፈትናል። ብዙዎቹ ጉልበተኛ ሞተሮች ከተራው ቤንዚን የተሻለ ኦክቴን ያለው ነዳጅ ይፈልጋሉ፤ በተራ ቤንዚን ሲነዱ ሞተራቸው ሊጎዳ ይችላል። መለዋወጫውም በቆቦም ኾነ በደሴ ገበያ በቀላሉ የሚገኝ አይደለም፤ ለአንድ ክፍል ሲባል መኪናው ለወራት ሊቆም ይችላል።

የኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት የሚያስቡ ደግሞ ሌላ መመዘኛ አላቸው። በ2014 ዓ.ም በወጣው ማበረታቻ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ የሚገባ የኤሌክትሪክ መኪና የጉምሩክ ቀረጥ 15 በመቶ እንዲኾንና ከሌሎቹ ዋና ዋና ታክሶች ነፃ እንዲኾን ተደርጓል፤ የግዥው ዕለት ያለውን መጣኔ ግን ከጉምሩክ ማረጋገጥ ይገባል። ባገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ዋናው ነገር ባትሪው ነው። ቀሪ አቅሙ በመቶኛ ተለክቶ በጽሑፍ እንዲቀርብ መጠየቅ፣ ሙቀት ባትሪን እንደሚያስረጅም መገንዘብ ያስፈልጋል። ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና የኃይል መሙያ ሶኬቱ ለአውሮፓ ከተሠራው ስለሚለይ፣ ቻርጀሩ አብሮ መምጣቱንም ማረጋገጥ ይገባል።

ለአርሶ አደሩ

እነዚህ የማጣሪያ እርምጃዎች ለመኪና ብቻ የተወሰኑ አይደሉም። ያገለገለ ትራክተር ወይም የመስኖ ፓምፕ ከውጭ ለማስመጣት የሚያስብ የራያ አርሶ አደር ወይም ማኅበርም የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን፣ የሠራበትን ሰዓት፣ የሻጩን ሕጋዊነትና የመለዋወጫውን መገኘት በዚሁ ቅደም ተከተል ማጣራት ይኖርበታል። የእርሻ መሣሪያ የቀረጥ አያያዝ ከአውቶሞቢል የተለየ በመኾኑ፣ ጥያቄውን ለጉምሩክ ብቻ ሳይኾን ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትም ማቅረብ ይጠቅማል።

በጥቅሉ የውጭ ሻጭ የሚጠራው ዋጋ የወጪው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። የመግቢያ ፈቃድ፣ የታክስ ስሌትና የሻጩ ማንነት በጽሑፍ ሳይታወቁ ቀብድ እንኳ መላክ አይገባም።