ዲዳክቲብል

መድን ሰጪው ለሕክምና መክፈል ከመጀመሩ በፊት ታካሚው በዓመት ከኪሱ የሚሸፍነው ገንዘብ ነው። ለመድኑ በየወሩ ከሚከፈለው ፕሪሚየም የተለየ ነው። ዲዳክቲብሉ 3,000 ዶላር ቢሆንና የዓመቱ የመጀመሪያ የሆስፒታል ሂሳብ 2,000 ቢመጣ፣ ፕሪሚየሙን ሳያጓድል የከፈለ ሰውም አብዛኛውን ጊዜ ሙሉውን ይከፍላል። ይህን ሳያውቁ ደንግጠው ሕክምና የሚያቋርጡ ሰዎች ያሳስቡኛል።

የሜሪላንድ ነዋሪዎች መድን በሚገዙበት የስቴቱ ገበያ፣ በሜሪላንድ ኸልዝ ኮኔክሽን፣ ብሮንዝ የተባለው ዕቅድ በወርሃዊ ክፍያው ማነስ ያጓጓል፤ ዲዳክቲብሉ ግን ብዙውን ጊዜ ከፍ ያለ ነው። ገቢያችሁ ዝቅ ካለ አስቀድማችሁ ሲልቨር የተባለውን ዕቅድ እዩ፤ ዲዳክቲብልን የሚቀንሰው ድጎማ ለአብዛኛው ሰው የሚገኘው እዚያ ብቻ ነው። ክትባትና የደም ግፊት ምርመራን የመሳሰሉ የመከላከያ አገልግሎቶች ደግሞ ከመድኑ ጋር ውል ባለው ሐኪም ዘንድ ዲዳክቲብሉ ሳይሞላም በነፃ ይሰጣሉ።